የታመመችው መብራት

መብራቴ ሲርገበገብ፣ ነፋስ ነው ብዬ፣
በሬን ዘጋሁት፣ መስኮቱን ከልዬ፤
ና ና ና ና ና፣ ና ና ና ቤቱ…

ከዚህ ወዲያ ያለውን ቃል አታውቀውም። ዜማው እስከ መጨረሻው ጉሮሮዋ ውስጥ አለ፣ ቃሉ ነው መንገድ ላይ የቀረው። እናቷ ልብስ ስታጥብ ታንጎራጉራት የነበረች ዘፈን ናት። ልጅቷ ከጎኗ ቁጭ ብላ አረፋ እየነፋች ሁለቱን ስንኝ ያዘች፣ ሁለቱን ውሃው ወሰዳቸው። አድጋም «እማዬ፣ ቀሪው ምንድነው?» ስትል እናቷ ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበራት።

«ቀሪው ደስ አይልም። አንቺ ደስ የሚለውን ይዘሻል፣ ምን ጎደለሽ?»

ምንም አልጎደላትም። ያቺ ዘፈን ለሷ መሥሪያም ነበረች።

ፎቅ ላይ ካለው የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ጀርባ፣ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው ዕቃዎች የሚከማቹባት ጠባብ ክፍል አለች። እዚያ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተነቀለ ስካነር ተቀምጧል፤ ሌላው ሰው መታወቂያውንና ሰርተፍኬቱን በመስተዋቱ ላይ ደፍቶ የሚያስነሣበት፣ መብራት ከሥር እየሄደ ምስሉን የሚለቅምበት ዕቃ። ከስካነሩ ጎን የመኪና ውድድር ጨዋታ መሪ አለ፤ ከእግሯ ሥር የዚያው ጨዋታ ፔዳል። ግድግዳውን ባለ ቀለም የመብራት ጥብጣብ ይዞረዋል፤ ከጣሪያው ላይ አሮጌ ፕሮጀክተር በሽቦ ታስሮ ተንጠልጥሏል።

ስካነሩን ታስነሣለች። መብራቷ ከመስተዋቱ ጫፍ ስትነሣ እሷም ዘፈኗን ትጀምራለች። የእናቷን አሮጌ ሰማያዊ ሻሽ በሁለት ጣቷ ይዛ፣ መስተዋቱን ነካ ለቀቅ እያደረገች፣ መብራቷን ትከተላታለች። ስንኞቹ ሲያልቁ መብራቷም ማዶ ትደርሳለች። ያኔ ፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ የሚያወጣው ሻሽ አይደለም፣ ውሃ ነው፤ የሚያብጥ፣ የሚጎድል፣ ዳር ደርሶ የሚመለስ ውሃ። መሪውን ስታዞር ውሃው ይጠመዘዛል፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ቀለሙ ይጠልቃል፣ የመብራቱ ጥብጣብም ያንኑ ቀለም ተቀብሎ ክፍሉን ይዞራል።

ሰፈሩ ብልጭ ድርግሟ ይላታል። መስኮቷ መንገድ ዳር ስለሆነ ቀይና ሰማያዊው ሁሉ ወደ ታች ይታያል፤ ከሥሩ ደግሞ ጫማ ሰፊው ተቀምጦ ይሠራል።

«ዛሬ ደግሞ ምን ልታሳዪን ነው ብልጭ ድርግሟ?» ይላታል ስታልፍ። «ይኼን መስኮትሽን ባየሁ ቁጥር አምቡላንስ የመጣ እየመሰለኝ እጄን በመርፌ እወጋለሁ።»

«አምቡላንሱ ለደንበኞችህ ነው። አንተ የሰፋኸውን ጫማ አድርጎ ሳያነክስ የሄደ ሰው አላየሁም።»

ጫማ ሰፊው ይስቃል፣ እሷም እየሳቀች ደረጃውን ትወጣለች። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ጸጉሯን ስትጠቀልል እስክሪብቶ ሰክታበት ቀኑን ሙሉ እስክሪብቶ ስትፈልግ የምትውል። ቀን ቀን የሰው የፊደል ገበታ ታጸዳለች፣ የታነቀ ወረቀት ከማተሚያ ታወጣለች። ሥራ በረድ ሲል መጋረጃውን ገልጣ ትገባለች። ምግብ ላይ ሰነፍ ናት። እናቷ ምሳዋን በሰሃን ላይ ሰሃን ደፍታ ትጠብቃለች፣ እሷ ቆማ ሁለት ጉርሻ አንሥታ ትወጣለች።

«ቆሞ የበላ ለእግሩ ነው የበላው» ትላታለች እናቷ። «አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ስትበዪ ሳላይ እንዳልሞት።»

«ገና ነሽ እማዬ፣ ትደርሽበታለሽ።»

ሱቁ የወንድሟ ነው። ታላቋ ስለሆነ ወንድም ጋሼ ነው የምትለው። አባታቸው ሲሞት የቤቱ ምሰሶ እሱ ሆነ። ትምህርቱን አቋርጦ የሰው ሬዲዮና የሰው ኮምፒውተር ውስጥ እጁን ከቶ እናቱንም እህቱንም አኖረ። ካቻቪቴ ያስያዛት እሱ ነው። የሷን ትንሽ እጅ በራሱ እጅ ሸፍኖ፣ «አትግፊው፣ አዳምጪው፤ ብሎን መላላት ሲፈልግ ይናገራል» ብሎ የመጀመሪያውን ብሎን ያስፈታት እሱ ነው። በዓለም ላይ አንድ ሰው እመኚ ብትባል ጣቷን ወደማን እንደምትቀስር ሳታስብበት ታውቀው ነበር።

መብራቷንም የሰጣት እሱ ነው። አንዲት ጸሐፊ ስካነሯን አምጥታ፣ ሌላ አዲስ ገዝታ፣ በዚያው ቀረች። ወንድም ጋሼ ዕቃውን ከፈተው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ መብራቷ ታማለች። መለዋወጫዋም ከገበያ ጠፍቷል። እንኪ፣ ተጫወችባት።»

ስትጫወትባት ነው ያወቀቻት። መብራቷ ስትነሣ ትርገበገባለች፤ መሐል ላይ ትደክማለች፣ ልትጠፋ ትልና ትንፋሽ ስባ ትመለሳለች። በደከመችበት ቦታ ጥላው ሐምራዊ ይሆናል፤ በተመለሰችበት ቦታ ነገሩ ሁሉ ጠርዙ ይነድዳል። ጤነኛ መብራት ያየውን ይናገራል፤ የታመመችው ግን ያየችውን ታልማለች። አንድ ሰሞን ያንን መርገብገብ በኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ ፕሮግራም ልታስመስለው ሞከረች። ሳቅ እንደማስመሰል ሆነባት፣ ተወችው።

ሱቁ ውስጥ አንድ ደንብ አለ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ መነካት የሌለበት ዕቃ ላይ ቀይ ናስትሮ ይለጠፋል። ያ ናስትሮ እያለ እንኳን መክፈት አቧራውን መጥረግም አይቻልም። ዕቃው ተሠርቶ ሲያልቅ የሠራው ሰው ናስትሮውን ራሱ ልጦ ከጠረጴዛው ከንፈር በታች ይለጥፈዋል። አይጣልም። የተጣለ እንደሆነ ዕቃው ተበላሽቶ ይመለሳል ይላል ወንድም ጋሼ፣ እየሳቀ፣ ግን ጥሎ አያውቅም። ከዓመት ዓመት እዚያ ሥር የተጠራቀመው ናስትሮ ደርቆ ተንጠልጥሎ የጠረጴዛው ጢም የሚል ስም ወጥቶለታል። መብራቷ ላይ ናስትሮ የለጠፈላት ወንድም ጋሼ ራሱ ነው፣ ያን ቀን ሐምራዊውን ጥላ ግድግዳው ላይ ሲያይ።

«በቃ፣ ይቺን ማንም አይነካትም» ብሎ በጥርሱ ቆርጦ ለጠፈ። እሷ ደግሞ ጸጉሯ ውስጥ የነበረውን እስክሪብቶ እንደ ዕድል አግኝታ፣ ናስትሮው ላይ አንድ ትንሽ ዓይን ሣለችበት። ጠባቂ ይሁን ብላ።

ዓመታት እንዲህ አለፉ። አንድ ቀን የሰፈሩ የባህል አዳራሽ ኃላፊ የማተሚያ ካርትሬጅ ልታስሞላ መጣች። በመጋረጃው ሥር የሚንፏቀቀውን ሰማያዊ አይታ «ከውስጥ ምን እየፈሰሰ ነው?» አለች። ገብታ ቆመች። ካርትሬጇን ረስታ ወጣችና ከደረጃው ተመልሳ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለሙያዎች በሰው ፊት እየሠሩ በሚያሳዩበት ዝግጅት ላይ እንድትቀርብ ጠየቀቻት።

«ሥዕሎቹን አትሜ ባንጠለጥላቸውስ?» አለች ብልጭ ድርግሟ።

«እሱማ የትም አለ። ሰው ይህ ነገር ሲወለድ ነው ማየት ያለበት።»

ያን ቀን ደረጃውን የወረደችው እየሮጠች ነው። ደስታዋ ለአዳራሹም ለጭብጨባውም አልነበረም። የእናቷ ጉልበት ደረጃ ስለማይወጣ እናቷ ያቺን ክፍል አንድ ቀን እንኳን አላየቻትም። «ሻሼን ምን አደረግሽው?» ስትባል «ውሃ አደረግኩት» ብላ መመለስ እንጂ ማሳየት አልቻለችም። አዳራሹ ግን ምድር ላይ ነው። እናቷ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ሻሿም ከፊቷ ባሕር ይሆናል። የቀረው እስከ ቅዳሜ መጠበቅ ብቻ ነበር።

ወንድም ጋሼም ደስ አለው። ለጫማ ሰፊው ያወራለት እሱ ነው፣ ለእጮኛውም የነገራት እሱ ነው። እጮኛው ደግሞ ለአባቷ ነገረች፤ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው፣ ለሠርጉ የሚቆጥቡት ቃል እንጂ ወጪ አይደለም የሚባልላቸው፣ ዝምተኛ፣ ሁሉን የሚያዩ።

ዓርብ ከጠዋት ጀምሮ አዳራሹ ሄዳ የመብራቱን ጥብጣብ በግድግዳው ላይ ስትዘረጋ ዋለች። ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፤ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታለች። ወንድሟ ወንበሩን ወደ መጋረጃው አዙሮ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ይጠብቃታል።

«ቁጭ በይ» አላት።

«ምን ተገኘ?»

«ቁጭ በይ እንጂ፣ አሳይሻለሁ።»

አልተቀመጠችም። በትከሻው ላይ አሻግራ አየችው። የስካነሩ ክዳን ተመልሶ ተገጥሟል። መስተዋቱ ታጥቦ ያበራል። 

«መለዋወጫዋ ተገኘ» አለ ወንድሟ። «አንዱ ቦርዱ የሞተበትን ስካነር ጥሎልኝ ሄደ። መብራቱ ጤነኛ ነው፤ አወጣሁና ለሷ ሰጠኋት። ነገ በተበላሸ ዕቃ ሰው ፊት ከምትቆሚ ብዬ።»

ክዳኑን ነቀለችው። ሻሿን አነሣች። ስካነሩን አስነሣች። መብራቱ ወተት መስሎ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳያቅማማ ሄደ። «በሬን ዘጋሁት» ላይ ሳለች ማዶ ደርሶ ቆሟል። ግድግዳው ላይ ሻሽ ወጣ፤ ጠርዙ የተቀመቀመ፣ አንዱ ማዕዘን ላይ የሳሙና እድፍ ያለበት፣ ምንም የማይጎድለው ሻሽ። መሪውን አዞረችው። ሻሹ ተጠመዘዘ፣ ተጠምዝዞም ያው ሻሽ ነው።

«አየሽ አይደል፣ እንዴት ጥርት እንዳለ?»

«አሮጌዋስ የት አለች?»

«የቷ?»

«መብራቷ።»

«ሳወጣት ተሰበረች። ቀጭን ናት፣ ታውቂያታለሽ።» በአገጩ የቆሻሻውን ባልዲ አሳያት። ከወረቀትና ከሽቦ መሐል ስባሪዎቿ ያንጸባርቃሉ።

እዚህ ላይ ልቧ ገና ሰበብ ይፈልግለት ነበር። ናስትሮው ደርቆ ወድቆ ይሆናል አለች በሆዷ። ሳያይ ነው። ረስቶ ነው። ሰው ወንድሙን ሲጠረጥር መጀመሪያ ራሱን ነው የሚጠረጥረው። በርከክ ብላ እጇን ከጠረጴዛው ከንፈር በታች ሰደደችና ጢሙን ዳሰሰችው፤ ደረቁን፣ ደረቁን፣ ከዚያ አንድ ለስላሳ፣ ገና የሚጣበቅ። አንገቷን አጎንብሳ አየችው። ትንሿ ዓይን ተገልብጣ ወለሉን ታያለች።

በንጽሕና ተልጦ፣ ጫፍና ጫፉ ተስተካክሎ ተለጥፏል፣ እንዳለቀለት ሥራ።

«ዓይኗን አይተሃታል» አለችው ከተንበረከከችበት።

 እጁን መጥረጉን ቀጠለ፤ እጁ ግን ከጠራ ቆይቷል።

«ወንድም ጋሼ፣ አይተሃታል ወይ ነው የምልህ።»

«አይቻታለሁ።»

ከታች የጫማ ሰፊው መዶሻ ሲመታ ይሰማል። ወንድሟ ጨርቁን አጠፈው፣ ደግሞ አጠፈው።

«የእጮኛዬ አባት ባለፈው የመጡ ጊዜ» አለ፣ «መጋረጃው ተከፍቶ ነበር። አንቺ እዚያ ውስጥ ታንጎራጉሪያለሽ፣ ሻሽ ታውለበልቢያለሽ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ወደኔ ዞር ብለው፣ እህትህ ጤና ናት? አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን ልበል። ሳቅኩ።»

«ሳቅክ።»

«ነገ ከነቤተሰባቸው ይመጣሉ። ንጹሕ ነገር እንዲያዩልሽ ነው። ሰው እንደሚሠራው ዓይነት። መጥፎ አሰብኩ?»

«ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«ብነግርሽ እሺ ትዪ ነበር?»

«አልልም።»

«ያው።»

 ከሩቅ የመጣ ሌባ ቢሆን በር ሰብሮ ይገባል፣ በሩም ይጮኻል፣ ጎረቤትም ይነቃል። ይሄኛው የገባው ራሷ በሰጠችው ቁልፍ ነው፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሳይጮኽ። ሻሹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ወጣች። ጫማ ሰፊው «ለነገ ወንበር ያዥልኝ» አላት። ሳትቆም አለፈችው። መርፌውን አንሥቶ እንደያዘ በዓይኑ ሸኛት።

ቤት ምሳዋ ተከድኖ ጠብቋት ነበር። አልነካችውም። «አሞኛል፣ ነገ አልሄድም» ልትል አፏን ስትከፍት፣ እናቷ የነገ ቀሚሷን ተኩሳ በሩ ላይ እንደሰቀለችው አየች። ከሥሩ ሰም የተቀባ ጫማዋን አሰልፋዋለች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። መስኮቶቹ ላይ ወፍራም መጋረጃ ወርዶ የቀኑን ብርሃን ውጭ አስቀርቶታል። እናቷ ምርኩዟን ጉልበቷ መሐል አቁማ ፊት ተቀምጣለች። ከእናቷ ኋላ የወንድሟ እጮኛ ከአባቷ ጋር፣ ከጎናቸው ወንድም ጋሼ፤ ክራቫት አስሯል። ጫማ ሰፊው በሩ አጠገብ ቆሟል።

ኃላፊዋ ጥቂት ተናግራ ወረደች። ብልጭ ድርግሟ መብራቱን አስነሥታ ሻሿን አንሳፈፈች። ግድግዳው ላይ ሻሽ ወጣ። ፔዳሉን ረገጠች፣ ሰማያዊ ሻሽ ይበልጥ ሰማያዊ ሆነ። ሰው አጨበጨበ፣ ለትሕትና የሚጨበጨበውን ዓይነት። ኃላፊዋ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ወደ ስካነሩ አየች፤ ያየችው ይህን አልነበረም። እናቷ ደግሞ ፈገግ እንዳለች ናት። ሻሼ ነው፣ አወቅኩት የሚል ፈገግታ። ባሕር ሊሆንላት እንደነበር አታውቅም።

አባትየው ወደ ወንድሟ ዘንበል ብለው «ጥርት ያለ ነው» አሉ። ወንድሟም አንገቱን ነቀነቀ።

ከመብራቷ መሰበር ይልቅ ያ መነቅነቅ ነው የቆረጣት።

ሻሿን አስቀመጠችው። ለጥቂት ጊዜ እጇን አጣጥፋ ቆመች፤ ሰዉ ያለቀ መስሎት ወንበሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ። ያኔ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣

«ወንድም ጋሼ፣ እስቲ ና» አለች። «እጅህን አውሰኝ።»

ወንድሟ ግራ ቀኝ አየ። አባትየው «ሂድ እንጂ፣ እህትህ ስትጠራህ» አሉት። ተነሥቶ መጣ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አላት በጆሮዋ።

«ምንም። ንጹሕ ነው፣ አትፍራ።»

ሁለት እጁን መስተዋቱ ላይ ዘረጋ። መብራቱ ከሥሩ አለፈ። ግድግዳው ላይ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ እጆቹ ወጡ። ንጹሕ መብራት ምንም አይደብቅም። የብየዳ ብረት አውራ ጣቱ ላይ የተወው ጠባሳ ይታያል። የአመልካች ጣቱ ጥፍር ጎደሎ ሆኖ የበቀለው፣ እሷን የቴሌቪዥን ክዳን ሊወድቅባት ሲል ያዳነበት ቀን ነው። መዳፉ ላይ ያሉት መስመሮች እንደ ደረቀ ወንዝ ተሰነጣጥቀዋል።  እናትየው «ልጄን» አለች ቀስ ብላ።

«ይህ እጅ ነው መብራቷን የሰጠኝ» አለች ብልጭ ድርግሟ።

ጭብጨባው ሞቀ። አባትየው ራሳቸው ቀና ብለው አጨበጨቡ። ወንድሟ ትንፋሹን ለቀቀ፣ ትከሻው ወረደ፤ ይቅር የተባለ መሰለው።

«አታንሣው፣ አንድ ጊዜ ደግሞ» አለችው።

አሁን ስካነሩን እያንዳንዷን ነጥብ እየለቀመ፣ እጅግ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አዘዘችው። መብራቱ ተነሣ። ልማድ ነውና መንጎራጎር ጀመረች፤ በዝግታ፣ ለራሷ፣ ሆኖም ጸጥ ባለው አዳራሽ ለሁሉም ተሰማ።

መብራቴ ሲርገበገብ፣ ነፋስ ነው ብዬ፣
በሬን ዘጋሁት፣ መስኮቱን ከልዬ፤

እዚህ ስትደርስ ወደ ና ና ና ልትሻገር ነበር። ከፊት ወንበር፣ ልብስ እያጠበች ያለች በሚመስል ድምፅ፣ እናቷ ተቀበለቻት።

ለካስ እፍ የሚለው፣ ቤቴ ነው ቤቱ፤
ያው የለኮሰው ነው፣ ያው ባለ ክብሪቱ።

ወንድሟ እጁን ሳበ። መላውን አካሉን አላነቃነቀም፤ መስተዋቱ የጋለ ይመስል እጁ ብቻ ሸሸ። መብራቱ ግን መንገዱን አላቋረጠም፤ የሸሸውን እጅ እየለቀመ ሄደ።

ግድግዳው ላይ የወጣውን ያ አዳራሽ ቶሎ አይረሳውም። እስከ አንጓው ድረስ እጅ ነው፤ ጠባሳው አለ፣ መስመሮቹ አሉ። ከአንጓው ወዲያ ጣቶቹ ቀልጠው ይፈስሳሉ፤ ይረዝማሉ፣ ይደራረባሉ፣ እየተንቀጠቀጡ እስከ ግድግዳው ዳር ይሮጣሉ፤ ጎደሎዋ ጥፍር በማዕበል ላይ እንደ ተበተነች ቅጠል ደጋግማ ትታያለች። ያለ ፔዳል፣ ያለ ቀለም፣ ግድግዳው ላይ ውሃ ወጣ። ከመብራቷ የወጣው መርገብገብ የወንድሟ እጅ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ኃላፊዋ መጀመሪያ አጨበጨበች፣ ከዚያ ጫማ ሰፊው፣ ከዚያ ሁሉም ተከተለ። አባትየው ግን ወደ ልጃቸው ዞረው «ይኼኛውስ ምንድነው? ተበላሸ እንዴ?» ሲሉ ተሰሙ። ወንድም ጋሼ እጆቹን ጀርባው ላይ ደብቆ ቆሞ ነበር፣ እንደ ሕፃን። እህቱን አየ። እሷ ፕሮጀክተሩን አጥፍታ መጋረጃውን ለመሳብ ወደ መስኮቱ ሄደች። ያሰበችው በቀል አልነበረም፤ ንጹሕ መብራት ምን እንደሚያሳይ ልታይ ፈልጋ ነበር። አየች። ደስ አላላትም።

እናትና ልጅ ወደ ቤት ሲሄዱ ቀኑ ገና ብርሃን ነበር። እናትየው ምርኩዟን በአንድ እጇ፣ የልጇን ክንድ በሌላው ይዛለች። 

«ያ ውሃ ሊሆን የነበረው ሻሼ ነው ወይስ እጁ?» አለች እናትየው።

«ሻሽሽ ነበር።»

«እሱስ?»

«እሱ አልነበረበትም።»

እናትየው አንድ ድንጋይ በምርኩዟ ገለል አድርጋ አለፈች። «ትናንት ለምሳ መጥቶ፣ ሰሃኑን ከፍቶ፣ መልሶ ከድኖ ሄደ። ያኔ አንድ ነገር እንዳጠፋ አወቅኩ። ምን እንደሆነ ግን አላወቅኩም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዘፈንሽው?»

«እኔ ዘፈኑን ነው የጨረስኩት» አለች እናትየው። ቆየት ብላ፣ «ደስ አይልም አላልኩሽም?»

«ብለሽኛል።»

ቤት ሲደርሱ ጠረጴዛው ላይ ለዕለቱ ምሳ የተደፉት ሰሃኖች እንደነበሩ አሉ። የሷ አንድ፣ የወንድሟ አንድ፣ ትይዩ ለትይዩ። እናትየው ምርኩዟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ የልጇን ሰሃን ገለጠችው። ሾርባው ረግቶ ከላዩ ስስ ቆዳ አውጥቷል።

«ቀዝቅዟል። ላሙቀው?»

«አይ፣ እንዲሁ ይሁን።»

ኪሷ ውስጥ ያለውን ሻሽ አወጣችና ዘርግታ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣለችው። ከደጅ የእግር ኮቴ መጣ፤ በሩ አጠገብ ደረሰና ቆመ። አልተንኳኳም። እናትየው ወደ በሩ አየች፣ ወደ ልጇ አየች። ትይዩ ያለው ሰሃን እንደ ተከደነ ነው፤ ብልጭ ድርግሟ አላነሣችውም፣ አላራቀችውም።

ወንበሩን ሳበች። ቁጭ አለች። ዳቦውን ቆርሳ ሾርባው ውስጥ ነከረችና፣ ቀስ ብላ እያላመጠች መብላት ጀመረች።